የስልክ ሆትስፖት

የስልክ ሆትስፖት፣ በሌላ ስሙ ቴዘሪንግ፣ አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ከቴሌኮም ኩባንያ የሚያገኘውን የኢንተርኔት መስመር ለሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ለላፕቶፕ፣ ለታብሌት ወይም ለሌላ ስልክ፣ የሚያካፍልበት ዘዴ ነው። ቴዘሪንግ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከብትን በገመድ ከካስማ ጋር ማሰርን ያመለክታል። ስልኩና ኮምፒዩተሩ በሽቦ ይያያዙ በነበረበት ዘመን ስያሜው በትክክል ይገልጸው ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ሽቦው ቀርቶ ማሰሪያው ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ ሆኗል። በአማርኛ ንግግር «ሆትስፖት ክፈትልኝ» ሲባል የሚጠየቀው ይኸው አገልግሎት ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ ዘመናዊ ስልኮች በሙሉ ማለት ይቻላል ሆትስፖት አብሯቸው ተሠርቶ ይመጣል፤ ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ስልክ ኢንተርኔትን ማካፈል በቻለበትና እንዲያካፍል በተፈቀደለት ጊዜ መካከል የብዙ ዓመታት ልዩነት አለ። የሆትስፖት ታሪክ በከፊል የቴክኒክ ታሪክ ነው፤ በከፊል ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎበት የተገዛ ዳታ የማን ነው የሚለው ክርክር ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራር

ስልክ ኢንተርኔትን የሚያካፍልባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። ልዩነታቸው ከውጭ ባይታይም መሠረታዊ ነው።

በቀድሞው መንገድ ስልኩ ሞደም ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ውስጥ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ሲሆን ስልኩ እንደ ድልድይ ያገለግለዋል። ኮምፒዩተሩ ስልኩን የሚያዘው «ኤቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት በሚጀምሩ አጫጭር ትእዛዞች ነው። እነዚህን ትእዛዞች ያስተዋወቀው ሄይስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህም በ1981 ለመደበኛ የስልክ መስመር በሠራው ሞደም ላይ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላም በኪስ የሚያዙ ስልኮች ያንኑ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ኮምፒዩተሩ *99# ብሎ «ይደውላል»። ቁጥሩ ቀሪ ሂሳብ ለማየት ከሚደወሉት የኮከብና የመሰላል ቁጥሮች ጋር ቢመሳሰልም በወዲያኛው ጫፍ የሚያነሳው የለም፤ ለስልኩ የዳታ መስመር እንዲከፍት የሚነግር ምልክት ነው። መስመሩ ሲከፈት የቴሌኮም ኩባንያው የሚሰጠውን አይፒ አድራሻ የሚወስደው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህም በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚገለገለው አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነበር።

በአሁኑ መንገድ ስልኩ ራሱ ራውተር ይሆናል። ኩባንያው የሚሰጠውን አድራሻ የሚይዘው ስልኩ ነው፤ ከእሱ ጋር ለሚገናኙት መሣሪያዎች ደግሞ ከራሱ የውስጥ አድራሻ ያድላቸዋል። ይህን ለመረዳት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ያለውን መሥሪያ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። ሠራተኞቹ ብዙ ቢሆኑም ወደ ውጭ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፍበት የላኪ አድራሻ ያው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። መዝገብ ቤቱ ማን ለማን እንደጻፈ ይመዘግባል፤ መልስ ሲመጣም መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ስልኩ የሚሠራው የመዝገብ ቤቱን ሥራ ነው። በኔትወርክ ትምህርት ይህ ናት ወይም የአድራሻ ትርጉም ይባላል። ከውጭ ለሚያይ ድረ ገጽ ላፕቶፑ፣ ታብሌቱና ስልኩ ሦስት ሳይሆኑ አንድ ደንበኛ ሆነው ይታያሉ።

የውስጥ አድራሻዎቹን ማንም ሰው በራሱ መሣሪያ ላይ ማየት ይችላል። ከአይፎን ሆትስፖት ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ አድራሻው በ172.20.10 የሚጀምር ሲሆን ስልኩ ራሱ 172.20.10.1 ነው። አይፎን ለዚህ የሚጠቀምበት ክፍል 16 አድራሻዎች ብቻ አሉት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለኔትወርኩ ሥራ የተያዙ ናቸው፤ አንዱን ስልኩ ይወስዳል፤ ለእንግዶች የሚቀሩት 13 ናቸው። በተግባር ግን በአንድ ጊዜ መገናኘት የሚችሉት መሣሪያዎች ብዛት እንደ ስልኩ ሞዴልና እንደ ቴሌኮም ኩባንያው ውሳኔ ከዚህ ያንሳል። በአንድሮይድ ስልኮች ለረጅም ጊዜ የሆትስፖቱ አድራሻ 192.168.43.1 ነበር፤ በኋለኞቹ ስሪቶች ቁጥሩ መለዋወጥ ጀምሯል።

ስልኩንና ተቀባዩን መሣሪያ የሚያገናኙት መንገዶች ሦስት ናቸው። የዩኤስቢ ገመድ የተረጋጋ ነው፤ ስልኩንም ቻርጅ ያደርጋል። ብሉቱዝ ባትሪ ይቆጥባል፣ ፍጥነቱ ግን አነስተኛ ነው። ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ብዙ መሣሪያዎችንም በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ በአንጻሩ ስልኩ የሞባይል ኔትወርኩን ራዲዮና የዋይፋዩን ራዲዮ በአንድነት ስለሚያሠራ ቶሎ ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስልኩ ከቴሌኮም ምሰሶው በራቀ ቁጥር በከፍተኛ ኃይል ማሰራጨት ስለሚገደድ ሙቀቱና የባትሪው ፍጆታ ይጨምራል። ስልኩን ከኪስ አውጥቶ መስኮት ዳር ማስቀመጥ ፍጥነቱንም ባትሪውንም የሚረዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከገመድ ወደ ዋይፋይ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የንግድ ሰዎች ስልካቸውን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኙት በልዩ ገመድ ወይም በኢንፍራሬድ ነበር። ኢንፍራሬድ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት የማይታይ ብርሃን የሚጠቀም ስለሆነ ስልኩና ላፕቶፑ ፊት ለፊት መተያየት ነበረባቸው፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ መስመሩ ይቋረጥ ነበር። በ2001 እና በ2002 እንደ ኤሪክሰን ቲ39 እና እንደ ኖኪያ 6310 ያሉ ብሉቱዝ ያላቸው ስልኮች ሲመጡ ይህ ችግር ተቃለለ። ስልኩ ኪስ ውስጥ እንዳለ ላፕቶፑ መሥራት ቻለ።

ብሉቱዝ በዚያን ጊዜ በቂ የነበረበት ምክንያት የሞባይል ኔትወርኩ ራሱ ቀርፋፋ ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ብሉቱዝ በሰከንድ እስከ 700 ኪሎቢት ገደማ ያስተላልፋል፤ የዘመኑ የጂፒአርኤስ መስመር ግን ከጥቂት አሥር ኪሎቢት አይበልጥም ነበር። ጠባቡ በር ከምሰሶው እስከ ስልኩ ያለው እንጂ ከስልኩ እስከ ላፕቶፑ ያለው አልነበረም። የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በሰከንድ 3.6 ከዚያም 7.2 ሜጋቢት መስጠት ሲጀምር ሁኔታው ተገለበጠ፤ አሁን የሚያንቀው ብሉቱዙ ሆነ። ዋይፋይ የስልክ ማካፈያ እንዲሆን የገፋፋው ዋናው ቴክኒካዊ ምክንያት ይህ ነው።

በስልኮች ላይ የነበረው ዋይፋይ ግን የተሠራው ከራውተር ጋር ለመገናኘት እንጂ ራውተር ለመሆን አልነበረም። በ2008 አካባቢ ጆይኩስፖት የተባለ የፊንላንድ ፕሮግራም የኖኪያ ስልኮችን ወደ ሆትስፖት መለወጥ ቻለ። የተጠቀመው ግን ሁለት መሣሪያዎች ያለ ራውተር በቀጥታ የሚነጋገሩበትን የዋይፋይ አሠራር ነበር፤ ይህን አሠራር ደግሞ ሁሉም መሣሪያዎች አይቀበሉትም ነበር። በ2009 ኖቫቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማይፋይ የሚል ስም ያለው የኪስ ራውተር ለገበያ አቀረበ። ማይፋይ የራሱ የዳታ ውል የሚፈልግና እስከ አምስት መሣሪያዎች የሚያገናኝ ትንሽ ዕቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ሥራ ስልኩ ውስጥ ገባ። በጥር 2010 ይፋ የሆነው የቬራይዘኑ ፓልም ፕሪ ፕላስ እስከ አምስት መሣሪያዎች የሚያገናኝ ሆትስፖት ነበረው፤ በግንቦት 2010 ጉግል ያስተዋወቀው አንድሮይድ 2.2 ደግሞ የዩኤስቢና የዋይፋይ ማካፈልን የስርዓተ ክወናው አካል አደረገው። አፕል በመጋቢት 2011 በአይኦኤስ 4.3 ተከተለ።

ስልክን ተማምነው የተሠሩ መሣሪያዎች

ሆትስፖት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚወራው ስለሚሰጠው ስልክ ነው። ስለሚቀበለው መሣሪያ ማውራት የተለመደ አይደለም፤ ሆኖም ገና ከመጀመሪያው «ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው» በሚል ታሳቢነት የተነደፉ መሣሪያዎች ነበሩ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኖኪያ በኅዳር 2005 መሸጥ የጀመረው ኖኪያ 770 ነው። በዓለም ትልቁ የስልክ አምራች የሠራው ይህ መሣሪያ ስልክ አልነበረም፤ ሲምካርድ ማስገቢያም አልነበረውም። 800 በ480 ነጥብ ያለው ሰፊ ስክሪን፣ በሊኑክስ ላይ የቆመ ስርዓተ ክወና፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ነበረው። ዋይፋይ ባለበት በዋይፋይ ይሠራል፤ በሌለበት በብሉቱዝ የባለቤቱን ስልክ ፈልጎ በእሱ በኩል ኢንተርኔት ይገባል። ይህ ድጋፍ በፋብሪካ የተካተተ ነበር። ሐሳቡ ቀላልና አሳማኝ ነበር፦ ሰውየው ለስልኩ የዳታ ሂሳብ እየከፈለ ለሁለተኛ መሣሪያ ሁለተኛ ሲምካርድና ሁለተኛ ውል ለምን ያስፈልገዋል? በ2007 የወጡት ተከታዮቹ ኤን800 እና ኤን810 በዚሁ መንገድ ቀጠሉ። በ2009 የመጣው ኤን900 ግን የራሱን ሲምካርድ ይዞ ስልክ ሆነ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተዋሃዱ።

በመኪና ውስጥ መንገድ የሚያሳዩ የቶምቶም መሣሪያዎችም በ2000ዎቹ አጋማሽ የትራፊክ መጨናነቅ መረጃ የሚያወርዱት በብሉቱዝ በሾፌሩ ስልክ በኩል ነበር። በ2010 የመጀመሪያው አይፓድ ሲወጣ ዋይፋይ ብቻ ያለው ትንሹ ሞዴል 499 ዶላር፣ ሲምካርድ የሚቀበለው ደግሞ 629 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 130 ዶላር ነው፤ የወሩ የዳታ ክፍያ ሲጨመርበት ሆትስፖት ያለው ስልክ የያዘ ሰው ርካሹን መግዛት ለምን እንደሚያዋጣው ግልጽ ነው።

የብላክቤሪ አምራች በሚያዝያ 2011 ያወጣው ፕሌይቡክ ታብሌት በዚህ መንገድ ከሁሉም ርቆ ሄዷል። ታብሌቱ ሲወጣ የራሱ የኢሜይል ፕሮግራም እንኳ አልነበረውም። ብሪጅ በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ከብላክቤሪ ስልክ ጋር በብሉቱዝ ይተሳሰርና በስልኩ ላይ ያለውን ኢሜይል፣ የቀን መቁጠሪያና የስም ዝርዝር በትልቁ ስክሪን ያሳያል። ለመሥሪያ ቤቶች ይህ ጥቅም ነበረው፤ ታብሌቱ ቢጠፋ ምስጢሩ ያለው ስልኩ ላይ ነው። ለሌላው ሰው ግን ኢሜይል የማይከፍት ታብሌት መግዛት ግር የሚያሰኝ ነበር። በዚያ ላይ ታብሌቱ ገበያ ላይ ሲውል የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ለደንበኞቹ የብሪጅን ፕሮግራም ሳይከፍት ቀረ። አንድ ዕቃ ሙሉ በሙሉ በሌላው ላይ ሲደገፍ የመካከሉን መስመር የያዘው ሦስተኛ ወገን ምን ያህል ኃይል እንደሚኖረው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ፕሌይቡክ የራሱን ኢሜይል ያገኘው በየካቲት 2012 በመጣው ማሻሻያ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ድጋፉ የማይታይ እየሆነ መጥቷል። ከ2014 ጀምሮ የአፕል ኮምፒዩተር የባለቤቱን አይፎን በአቅራቢያው ካገኘ ስልኩ ሳይነካ ሆትስፖቱን ራሱ ያስከፍተዋል። ይህ የሚሆነው ብዙ ኃይል በማይፈጅ ብሉቱዝ ሁለቱ መሣሪያዎች አስቀድመው ስለሚተዋወቁ ነው።

የፈቃድና የክፍያ ክርክር

የቴሌኮም ኩባንያዎች ሆትስፖትን መጀመሪያ ላይ የተቀበሉት በጥርጣሬ ነበር። ምክንያታቸው መሠረት የለሽ አልነበረም። «ያልተገደበ» ብለው የሸጡት የዳታ ጥቅል ዋጋው የተተመነው ሰው በትንሽ የስልክ ስክሪን ምን ያህል ሊጠቀም እንደሚችል ተገምቶ ነው። ላፕቶፕ ፊልምና ትልልቅ ፋይል ያወርዳል፤ አንድ ደንበኛ በአንድ ሲምካርድ መላ ቤተሰቡን ቢያስተናግድ ስሌቱ ይፈርሳል፣ የምሰሶውም አቅም ይጣበባል። ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች ማካፈልን በውላቸው ከለከሉ ወይም ለብቻው አስከፈሉበት።

በሐምሌ 2008 መጨረሻ ኔትሼር የተባለ ፕሮግራም በአፕል የፕሮግራም መደብር ታየ። ዋጋው 9.99 ዶላር ሲሆን አይፎንን ከላፕቶፕ ጋር ያገናኝ ነበር። ወዲያው ተነሳ፣ ተመለሰ፣ ከዚያም ለዘለቄታው ጠፋ። በ2009 ጸደይ ደግሞ ጉግል ተመሳሳይ ፕሮግራሞችን በቲ ሞባይል ውል ምክንያት ከአንድሮይድ መደብር አወጣ። በሰኔ 2009 አፕል በአይፎን ስርዓተ ክወና 3.0 ማካፈልን ከስልኩ ጋር አብሮ ሠራው፤ በበርካታ አገሮች ያሉ ኩባንያዎችም ለደንበኞቻቸው ከፈቱት። በአሜሪካ ግን የአይፎን ብቸኛ አቅራቢ የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ አልከፈተም። ያው ስልክ፣ ያው ሶፍትዌር በአንዱ አገር ያካፍላል፣ በሌላው አያካፍልም። ልዩነቱ ስልኩ ሲምካርዱን አይቶ በሚጭነው አነስተኛ የኩባንያ ቅንብር ፋይል ውስጥ ነበር፤ ፋይሉ ካልፈቀደ ምርጫው በስልኩ ማውጫ ላይ አይታይም።

ኤቲ ኤንድ ቲ በሩን የከፈተው በሰኔ 2010 ነው፤ አከፋፈቱም ብዙ አነጋግሯል። ያልተገደበውን ጥቅል ለአዲስ ደንበኞች ዘግቶ በወር 25 ዶላር 2 ጊጋባይት የሚሰጥ ጥቅል አመጣ። ማካፈል የፈለገ ሰው ከዚህ በላይ 20 ዶላር ይከፍላል። በ20 ዶላሩ ግን አንድ ሜጋባይት እንኳ አይጨመርለትም፤ የሚካፈለው ያው አስቀድሞ የከፈለበት 2 ጊጋባይት ነው። ጥቅሉ ያልተገደበ በነበረበት ጊዜ የኩባንያዎቹ ክርክር ሚዛን ይደፋ ነበር። መጠኑ ከታወቀና ከተከፈለበት በኋላ ግን ዳታው በየትኛው ስክሪን ላይ እንደሚያልቅ ለሻጩ ለውጥ አያመጣም፤ 20 ዶላሩ የፈቃድ ዋጋ ብቻ ነበር። ሌሎችም እንዲሁ አስከፍለዋል። ስፕሪንት በዚያው ሰኔ በሸጠው ኤችቲሲ ኢቮ 4ጂ ስልክ ላይ እስከ ስምንት መሣሪያዎች ለሚያገናኝ ሆትስፖት በወር 29.99 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ቬራይዘን ግን በሚያዝያ 2010 የፓልም ፕሪ ፕላስን ሆትስፖት ነጻ አድርጎት ነበር፤ ይህም ክፍያው የቴክኒክ ወጪን ሳይሆን የገበያን ሁኔታ የሚከተል መሆኑን ያሳያል።

ክፍያውን ለማምለጥ ስልካቸውን ከፍተው ያልተፈቀደ ፕሮግራም የሚጭኑ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ኩባንያዎቹ እነዚህን የሚለዩባቸው መንገዶች ለኔትወርክ ተማሪዎች ትምህርት ሰጪ ናቸው። በኢንተርኔት የሚጓዝ እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ በመንገዱ ላይ በእያንዳንዱ ራውተር ሲያልፍ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። ዓላማው መንገድ የጠፋበት እሽግ ለዘላለም እንዳይዞር ማድረግ ነው። ስልክ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን ከ64 ይጀምራል፤ ስለዚህ ስልኩ ራሱ የላከው እሽግ ምሰሶው ጋ ሲደርስ 64 ነው። ከላፕቶፕ ተነስቶ በስልኩ በኩል ያለፈ ግን 63 ሆኖ ይደርሳል፤ ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ ከ128 ተነስቶ 127 ሆኖ ይታያል። አንዲት ቁጥር ብቻ በመቀነሷ ከስልኩ ጀርባ ሌላ መሣሪያ እንዳለ ይታወቃል። ሌላው መንገድ አሳሹ ለድረ ገጹ ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚናገረውን ማንበብ ነው፤ «ዊንዶውስ ነኝ» የሚል ስልክ የለም። በመጋቢት 2011 ኤቲ ኤንድ ቲ ያለ ፈቃድ ያካፍላሉ ላላቸው ደንበኞቹ መልእክት ልኮ ካላቆሙ በራሱ ወደሚከፈልበት ጥቅል እንደሚያዛውራቸው አስጠነቀቀ።

ነገሩን ወደ ሕግ መድረክ የወሰደው የራዲዮ ሞገድ ጨረታ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 የ700 ሜጋኸርዝ ሞገዶችን ሲያጫርት «ሲ ብሎክ» በሚባለው ክፍል ላይ አንድ ግዴታ አስቀመጠ፦ ክፍሉን የሚያሸንፍ ኩባንያ ደንበኞቹ የመረጡትን መሣሪያና ፕሮግራም እንዳይጠቀሙ መከልከል አይችልም። አብዛኛውን ያሸነፈው ቬራይዘን ነበር፤ በታኅሣሥ 2010 የጀመረውን የአራተኛ ትውልድ ኔትወርክ የገነባውም በዚሁ ሞገድ ላይ ነው። ቬራይዘን ግን ለማካፈል 20 ዶላር እያስከፈለ፣ ነጻ የማካፈያ ፕሮግራሞች ለደንበኞቹ እንዳይደርሱ መደብሩን እንደጠየቀ ተገለጠ። በሰኔ 2011 ፍሪ ፕሬስ የተባለ ተሟጋች ድርጅት አቤቱታ አቀረበ፤ ኮሚሽኑም ምርመራ ከፈተ። በሐምሌ 31 ቀን 2012 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ቬራይዘን ለመንግሥት ግምጃ ቤት 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ፕሮግራሞቹን ማገዱን ለመተው ተስማማ። ገንዘቡ ለዚያ ኩባንያ ኢምንት ነበር፤ ዋናው ነገር በመጠን የሚከፍል ደንበኛ ዳታውን በፈለገው መሣሪያ ላይ እንዲጠቀም መንገድ መከፈቱ ነው። እንዲያውም ኩባንያው ከአንድ ወር በፊት ሆትስፖትን ያካተቱ አዳዲስ ጥቅሎች መሸጥ ጀምሮ ነበር።

በአውሮፓ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ መጣ። ቮዳፎን በጀርመን የአንዳንድ ፕሮግራሞች አጠቃቀም ከዳታው ላይ እንዳይቀነስ የሚያደርግ አገልግሎት ይሸጥ ነበር፤ ደንበኛው በሆትስፖት ከተጠቀመ ግን ይቀነስበታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመስከረም 2 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለው ገደብ ከኅብረቱ የኢንተርኔት ደንብ ጋር የሚጣጣም አይደለም ብሏል።

የዳታ ፍጆታ

የላፕቶፕ ባለቤቶችን በብዛት የሚያስደነግጠው ነገር የዳታው አወጣጥ ነው። ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲያገኝ ቤት ያለ መስሎት ከበስተጀርባ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ፎቶ ወደ ደመና ማከማቻ ይልካል፣ ፋይል ያመሳስላል። ጥቅል በአብዛኛው በሜጋባይትና በጊጋባይት ተለክቶ፣ የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ዕድሜ ተቆርጦለት በሚሸጥበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ ብቻውን የሳምንቱን ጥቅል ሊጨርሰው ይችላል። መብራት ጠፍቶ የቤቱ ራውተር ሲዘጋ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ በስልክ ሲቀጥሉ ሆትስፖት ትልቅ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ጥቅል ሳይታሰብ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ የተሠራው መፍትሔ መሣሪያው ኔትወርኩን «በመጠን የሚከፈልበት» ብሎ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ይህን ምርጫ ያመጣው በ2012 በዊንዶውስ 8 ነው፤ በዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ ሲበራ ትልልቅ ማሻሻያዎች ይቆማሉ። አንድሮይድ ከ4.1 ጀምሮ ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ አድራሻ ሲያድል በመጠን የሚከፈልበት መሆኑንም አብሮ ይናገራል፤ የሚቀበለው አንድሮይድ መሣሪያ ከሆነ ሰው ሳያዘው ይቆጥባል። በ2019 የመጣው አይኦኤስ 13 ደግሞ ለየኔትወርኩ ዳታ መቆጠቢያ ምርጫ ጨምሯል። በአሮጌ መሣሪያዎች በኩል ሌላ ችግር ያጋጥማል። አዳዲስ አይፎኖች ሆትስፖታቸውን የሚያሰራጩት በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ወይም ታብሌት የሆትስፖቱን ስም ጭራሽ አያየውም። ተስማሚነትን የሚያሰፋው ምርጫ በስልኩ ላይ ሲበራ ስሙ ብቅ ይላል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።

ደህንነት

ሆትስፖት ከካፌ ዋይፋይ ይልቅ የሚታመነው ባለቤቱ ስለሚታወቅ ነው። ያም ሆኖ የይለፍ ቃሉ ወሳኝ ነው። በ2013 በጀርመን የኤርላንገን ኑረንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይፎን በራሱ የሚፈጥራቸውን የሆትስፖት የይለፍ ቃሎች መረመሩ። ስልኩ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ይመርጥና አራት አኃዝ ይጨምርበት ነበር። ለዓይን ጠንካራ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ግን ቃሎቹ የሚመረጡት 1,842 ቃላት ብቻ ካሉበት ዝርዝር መሆኑን ደረሱበት። እያንዳንዱ ቃል ከአሥር ሺህ የአኃዝ አማራጮች ጋር ሲባዛ 18 ሚሊዮን ከ420 ሺህ የይለፍ ቃሎች ይሆናል፤ ይህ ለሰው ብዙ፣ ለኮምፒዩተር ጥቂት ነው። በአራት የግራፊክስ ካርዶች በ50 ሰከንድ ውስጥ ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ችለዋል። በዚያው ዓመት የወጣው አይኦኤስ 7 በቃላት ፋንታ በዘፈቀደ የተቀላቀሉ ፊደላትና አኃዞችን መስጠት ጀመረ።

በተግባር ግን የይለፍ ቃል የሚወጣው በኮምፒዩተር ተሰብሮ ሳይሆን በሰው አፍ ተነግሮ ነው። ስምንት ጊዜ አንድ ቁጥር ወይም ከ1 እስከ 8 በተርታ የተጻፉ ቁጥሮች ለመናገር ስለሚቀሉ ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል፤ ስምንት የሆኑበትም ምክንያት የዋይፋይ ጥበቃው ከስምንት ያነሰ ስለማይቀበል ነው። አንዴ የተነገረውን ቃል የተቀባዩ መሣሪያ ያስታውሰዋል፤ ሆትስፖቱ በሌላ ቀን ለሌላ ሰው ሲከፈትም የቀድሞው እንግዳ በአቅራቢያው ካለ ሳይጠይቅ ይገባል። ከላይ እንደተገለጸው ደግሞ በሆትስፖቱ የሚያልፈው ሁሉ ከውጭ ሲታይ የስልኩ ባለቤት ሥራ ነው፤ እንግዳው የጎበኘው ድረ ገጽም ሆነ የጻፈው መልእክት በባለቤቱ አድራሻ ይመዘገባል። አንድሮይድም ሆነ አይፎን ሌላ መሣሪያ ከሆትስፖቱ ጋር ሲገናኝ ያሳያል። ያልታወቀ እንግዳ ሲታይ የይለፍ ቃሉን መለወጥ በቂ ነው፤ ቃሉ ሲለወጥ የቀድሞዎቹ እንግዶች ሁሉ አብረው ይወጣሉ።